የ«ሁለት ወፍጮዎች» ሦስተኛ ክፍል

ጋምቤላ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ በሰው አገር ለሚኖሩት ለጋሼ ዘገየ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጋምቤላ ሙቀት በቀር የሚያማርረኝ ነገር የለም። መቼም «ይህች ደግሞ ማን ናት?» ሳይሉ አይቀርም። የአክስትዎ የልጅ ልጅ ነኝ፤ ቤርሳቤ እባላለሁ። እናቴ ሙሉብርሃን ከእርስዎ ጋር አንድ ትሪ ከብባ ያደገችው ናት። አድራሻዎን የሰጠችኝም እሷ ነች። «የዘገየ ደብዳቤ ሰላምታው ብቻ አንድ ገጽ ይሞላል፤ ቢሆንም መልስ አይነፍግሽም» ብላኛለች።

ባለፈው ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ እዚህ ባህል ቢሮ ተመደብኩ። ክልሉ አዲስ፣ ቢሮው አዲስ፣ እኔም አዲስ። ጠረጴዛ ደርሶናል፤ ወንበሩ ገና መንገድ ላይ ስለሆነ በተራ ነው የምንቀመጠው። አለቃዬ ሁለት ሥራ ሰጡኝ። አንደኛው ከውጭ አገር የመጡ የፍቅር ቲያትሮች በጋምቤላ መቼና በማን እንደታዩ ለመጽሔታችን መጻፍ ነው። ሁለተኛው ከእነዚያ አንዱን ለግንቦት በዓል አዘጋጅቶ ማሳየት።

እኔም ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ከተማውን አዳረስኩት። ታዲያ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነው። በ1977 መምህር ዘገየ የሚባል ሰው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ «ሁለት ወፍጮዎች» የሚባል የቡልጋሪያ ቲያትር አሳየ፤ ሁለተኛው ክፍል እንዳለቀ ዝናብ መጣ፤ ሦስተኛው ክፍል «ለሚቀጥለው ቅዳሜ» ተባለ፤ በዚያው ቀረ። ጋሼ፣ ሰዉ እኮ ዛሬም እየጠበቀ ነው! ዓሣ ሻጯ ሳትቀር «ሦስተኛው ክፍል መቼ ነው?» ብላኛለች። ዕረፍቱ ዐሥራ አንድ ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

እባክዎ ሦስቱንም ክፍል ይላኩልኝ። ታሪኩንም የሚያስታውሱትን ያህል ይጻፉልኝ። እናቴ በጣም ትናፍቅዎታለች።

ገና ያላዩዋት ዘመድዎ
ቤርሳቤ

ሶፊያ፣ ኅዳር 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለተወደድሽው ለቤርሳቤ፤

የባሮ ወንዝ ሳያቋርጥ እንደሚፈስ ሁሉ ጤናና ሰላምም ሳያቋርጥ ወደ ቤትሽ ይፍሰስ። ከእግርሽ እሾህ፣ ከጎንሽ ክፉ ጎረቤት ይራቅ። ለእናትሽ ለሙሉብርሃን፣ ለአባትሽ፣ ለታላላቆችሽና ለታናናሾችሽ፣ እኔን ለሚያውቁኝም ለማያውቁኝም ሁሉ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስልኝ። እኔ በአንድ ቲያትር ቤት በአልባሳት ክፍል ውስጥ የነገሥታትን ካባ እየተኮስኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ።

ወደ ታሪኩ ልግባ። በጋምቤላ የመጀመሪያውን የፈረንጅ የፍቅር ቲያትር ያሳየው፣ እኔ እንደሰማሁት፣ ዳምጤ የሚባል የወደቡ ጸሐፊ ነው። ዘመኑ የንጉሡ ነበር። መድረኩ በወንዙ ዳር የተደረደረ የዕቃ ሣጥን ሲሆን ተመልካቹ ከማዶ በታንኳ እየተሻገረ ይመጣ ነበር። በጽሑፉ ላይ ወንዱና ሴቷ መሳሳም ነበረባቸው፤ ዳምጤ ግን ነውር ነው ብሎ እጅ ለእጅ አጨባበጣቸው። ጭብጨባው ባሮ ማዶ ተሰማ ይባላል።

ሁለተኛው የእኔው ነው። «ሁለት ወፍጮዎች»ን ለእርዳታ ከመጣ አንድ የቡልጋሪያ ሐኪም አግኝቼ በእሱ እርዳታ ተረጎምኩት። በአንድ ጅረት ላይ ሁለት ወፍጮ ያላቸው አባቶች በውኃ ይጣላሉ፤ የአንዱ ወንድ ልጅ የሌላውን ሴት ልጅ ይወዳል። በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ልጁ «አምስት መኸር ሳያልፍ እመለሳለሁ» ብሎ ቀለበት ሰጥቷት ርቆ ይሄዳል። ልጁን ሆኜ የተጫወትኩት እኔ ነኝ። ልምምድ ላይ ሳለን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አባባ ኒካው ገቡና «ቀለበት ምን ያደርጋል? ይኼንን ማን ጋብቻ ብሎ ያምናል?» አሉኝ። በአኙዋክ ወግ ለጋብቻ የሚሰጠው ድሙይ የሚባለው ሰማያዊ ጨሌ ነው። በቲያትሩ ዕለት ራሳቸው መድረክ ላይ ወጥተው የቤታቸውን ድሙይ በእጄ አስያዙኝ፤ በቀለበቱ ፈንታ እሱን ለልጅቷ ሰጠኋት። አዳራሹ አርባ ሁለት አግዳሚ ነበረው፤ አንድም ሰው አልተቀመጠም፤ ሁሉም ቆሞ አጨበጨበ። ወዲያው ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር፤ የምንናገረው አልሰማ አለ። ሐሙስ ለትምህርት ወደዚህ ወደ ቡልጋሪያ ተጠራሁና ሄድኩ። የቀረውን ታውቂዋለሽ።

መጋረጃው ቡናማ ነበር፤ ከጤና ጣቢያው የተዋስነው ነው። ልጅቷን ሆና የተጫወተችው አንዲት የስፌት መምህርት ነች፤ ስሟ አሁን ጠፋኝ።

ሁለቱን ክፍሎች ልኬልሻለሁ። ሦስተኛውን በወረቀቶቼ መካከል እየፈለግሁ ነው። በነገራችን ላይ፣ ከዚያን ጊዜዎቹ የስፌት መምህራን እዚያው የቀረ ሰው ይኖር ይሆን? ለታሪኩ ይጠቅምሽ እንደሆነ ብዬ ነው።

ዘገየ

ጋምቤላ፣ ጥር 3 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዘገየ፤

እንደምን አሉልኝ? ምርቃትዎ ደርሶኛል፤ ከእሾሁ ድኛለሁ፣ ጎረቤቴ ግን እንደ በፊቱ ነው። ቤታችን ሁሉም ደህና ናቸው።

ጋሼ፣ የአግዳሚው ቁጥር አልጠፋዎትም። የመጋረጃው ቀለም አልጠፋዎትም። የሴትዮዋ ስም ብቻ ተለይቶ ጠፋ? ኧረ በስማም! ስሟ ሺታዬ ነው። ኒውላንድ ሰፈር የስፌት ቤት ከፍታለች። የቲያትሩን ልብስ እንድትሰፋልኝ ሄጄ «ሁለት ወፍጮዎች» ስላት መርፌው ጣቷን ወጋት።

ከዚያ ወሬው ሁሉ ወጣ። ድሙዩ እሷ ዘንድ ነው! በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። እርስዎ ሐሙስ ሲሄዱ የሚመልሰው ሰው ጠፋ። እሷ ልትመልስ ብትሄድ አባባ ኒካው እምቢ አሉ። ሄጄ ጠየቅኳቸው። አርጅተዋል፤ አሁን ወንዙ ዳር ማንጎ ሥር ይውላሉ። እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ዘገየ እዚህ አገር አባት አልነበረውም። እኔ አባት ሆንኩት። ድሙይ ሰጠሁት። ሕዝብ ፊት ሰጣት፣ ሕዝብ ፊት ተቀበለች። ታዲያ ምን ቀረ? የልጄ ሚስት ናት። ልጄ ሩቅ ሄዷል። ይመጣል።»

«አባባ፣ እሱ እኮ ቲያትር ነው» አልኳቸው።

«ቲያትሩስ ቲያትር ነው። ድሙዩ ግን የእናቴ ነው» አሉኝ።

ጉዱ ይኼ ብቻ አይደለም። ሁለት ሰዎች ሺታዬን ሊያገቡ ሽማግሌ ቢልኩ ሰፈሩ «የመምህር ዘገየ ናት» ብሎ መለሳቸው። እኔም «እትዬ ሺታዬ፣ በዚህ ጨሌ ምክንያት ነው ሳታገቢ የቀረሽው?» አልኳት። ሳቀችብኝ። «እኔ ብፈልግ ኖሮ ጨሌ ያቆመኝ ነበር?» አለች። ቀጥላም እንዲህ አለችኝ፦ «አንድ ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር፤ በሄደ በዓመቱ። ደስ ብሎኝ ከፈትኩት። ቤርሳቤ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከሁለተኛው ክፍል የተገለበጠ ነው! ‹ልቤ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ስላንቺ ይዞራል› ይላል። እኔ እኮ ያን ክፍል በቃሌ እችለዋለሁ። ለእኔ የሚሆን አንድ መስመር የራሱ ቃል አጣ። ስለዚህ አልመለስኩለትም።»

እንግዲህ ጋሼ፣ ታናሽዎ ነኝ፤ ድፍረት ካልሆነብኝ ልጠይቅዎ። ይወዷታል ወይስ አይወዷትም? ካልወደዷት ድሙዩ ለባለቤቱ እንዲመለስ ለአባባ ኒካው ይጻፉላቸው፤ እሷም በነፃነት ትኑር። ከወደዷት ደግሞ ይናገሩ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለም?

ሦስተኛውንም ክፍል አደራ። ኮንግ የሚባል የኑዌር ልጅ ወንዱን፣ ሊድያ የምትባል ነርስ ሴቷን ሆነው ልምምድ ጀምረናል። ኮንግ በጣም ረጅም ስለሆነ ጭንቅላቱ ከመጋረጃው በላይ ይታያል፤ ከመግባቱ በፊት ሕዝቡ ያየዋል።

ቤርሳቤ

ሶፊያ፣ መጋቢት 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለውድ ቤርሳቤ፤

የአምላክ ቸርነት አይለይሽ። የዘገየሁት ታምሜ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

ስሟ ጠፍቶኝ አያውቅም። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ የአንዱን ንጉሥ ካባ በካውያ አቃጠልኩት፤ ሃያ ዓመት የለበሱት ካባ ነው፤ አለቃዬ እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች።

እውነቱን ልንገርሽ። የመጣሁት ለአምስት ዓመት ነበር። «ተምሬ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ እመለሳለሁ» አልኩ። መንግሥቱም እዚያም እዚህም ተለወጠ፣ ትምህርቱም በመሃል ቀረ፣ እኔም ካውያ ያዝኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ያንን ደብዳቤ የገለበጥኩት የራሴን ቃል ስጽፈው ጎደለብኝ፤ የቲያትሩ ያማረ መሰለኝ። መልስ ሲቀር ደግሞ «አልወደደችኝም» ብዬ ተቀመጥኩ። በቃሏ እንደምትችለው እንዴት አላሰብኩም? ያስጠናኋት እኔ!

ሦስተኛው ክፍል ይኸው። ጠፍቶ አልነበረም፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነው የኖረው። ልጁ ቀጠሮውን አሳልፎ ይመጣል፤ ልጅቷ ሌላ አግብታለች። ባርኔጣውን ወፍጮው ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ሳይናገር ይሄዳል፤ መጋረጃ ይዘጋል። እዚህ ሰዉ ያለቅሳል። እኔም መድረክ ጀርባ ልብስ ይዤ በቆምኩ ቁጥር አለቅሳለሁ። ለዚህ ነው ልልክልሽ ያልፈለግሁት።

እወዳታለሁ። ይኸው ጻፍኩት። አንቺ አንደበትሽ የተፈታ ነውና ስለ እኔ ሆነሽ ንገሪልኝ፤ እንዴት እንደሚባል አንቺ ታውቂያለሽ።

ዘገየ

ጋምቤላ፣ ግንቦት 24 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዘገየ፤

ሰላምታዬ እንደተጠበቀ ነው፤ ዛሬ ግን ወሬው አላስቀምጥ ስላለኝ በቀጥታ ልግባ።

መጀመሪያ፣ ለሺታዬ አልነገርኩልዎትም። ድሮ በቲያትሩ አፍ ተናገሩ፣ አሁን ደግሞ በእኔ አፍ ሊናገሩ? አይሆንም!

ቲያትሩ ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ታየ። ከፑኝዶ ሳይቀር በመኪና ተጭኖ የመጣ ሰው ነበር። አባባ ኒካው ፊተኛው ወንበር ላይ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ተቀምጠዋል። ድሙዩን ሺታዬ ራሷ ናት ለሊድያ አንገት ያሰረችው፤ «ለአንድ ቀን ነው፣ እንዳይበጠስ» እያለች። አንደኛውና ሁለተኛው ክፍል እንደ ውኃ ፈሰሰ። ሰዉ ቃሉን ያስታውሰዋል፤ ኮንግ አንድ መስመር ቢዘል ከኋላ ይሞሉለታል። ዝናቡም አልመጣም።

ሦስተኛው ክፍል መጣ። ኮንግ ከሩቅ አገር ተመለሰ። ሊድያ ባሏ አጠገብ ቆማለች። ኮንግ ባርኔጣውን አስቀመጠ፤ ዞሮ ሊሄድ አንድ እግሩን ሲያነሳ «ቁም!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

አባባ ኒካው ናቸው! ከዘራቸውን ይዘው መድረኩ ላይ ወጡ። ኮንግ በሽማግሌ ፊት ያደገ ልጅ ስለሆነ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ወዴት ትሄዳለህ? ድሙይህ አንገቷ ላይ እያለ?» አሉት። ወደ ባልየው ዞሩ። «አንተስ? ድሙዩን ሳትመልስ እንዴት አገባሃት? ማን ቆጠረ? ማን ተቀበለ?»

ባል ሆኖ የሚጫወተው የሒሳብ አስተማሪ ላብ አጠመቀው። «አባባ፣ እንዲህ ነው የተጻፈው» አለ።

«የጻፈው ሰው ተሳስቷል» አሉ አባባ ኒካው። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። አንድ የወሎ ሽማግሌ ከኋላ ተነሡና «እውነታቸውን ነው፤ እኛም ዘንድ ጥሎሽ ሳይመለስ ሌላ ጋብቻ የለም፤ ሽማግሌ ይቀመጥ!» አሉ። እኔ መጋረጃውን ልዝጋው ብል ገመዱን ኮንግ ረግጦታል።

ያን ጊዜ ሺታዬ ከመጋረጃ ጀርባ ወጣች። ትከሻዋ ላይ የስፌት ሜትር፣ ደረቷ ላይ የተሰካ መርፌ። ድሙዩን ከሊድያ አንገት ፈታችና በአባባ ኒካው መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። «አባቴ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ጠበቅኩልዎ። ቆጥረው ይቀበሉኝ፤ ሙሉ ነው» አለች።

ጋሼ፣ ቆጠሩት። አንድ በአንድ። ሙሉ ነበር። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ልጄን አልፈልግም አልሽ?» አሏት።

«አላልኩም» አለች። «እሱ ይኼን ሲሰጠኝ የተናገረው የፈረንጅ ቃል ነው። የጻፈልኝም የፈረንጅ ቃል ነው። የሚፈልገኝ ከሆነ ባዶ እጁን ይምጣ፤ በራሱ ቃል ይጠይቀኝ። ድሙይ ለመስጠት ያን ጊዜ ይደርሳል።»

ይህን ብላ ወደ መጋረጃው ጀርባ ተመለሰች። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ሰዉ ሁሉ የቲያትሩ መጨረሻ መሰለው! አለቃዬ «አበጀሽ! አጨራረሱ ግሩም ነው» ብለው ጨበጡኝ። ዓሣ ሻጯም በማግሥቱ አገኘችኝ። «አራተኛው ክፍል መቼ ነው?» አለችኝ።

እኔም ይህንኑ እጠይቅዎታለሁ። ቃል ያጥረኛል አይበሉኝ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ቤርሳቤ

ሶፊያ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1988 ዓ.ም.

ቤርሳቤ፤

እንደምነሽ። ዘጠኝ ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩ፤ ዘጠኙም ያምሩ ነበር። ይህኛው አያምርም። ለእሷ ስጪልኝ፤ ብታነቢው አልቀየምም፣ እንዳታርሚው ግን አደራ።

ዘገየ

*

ሺታዬ፤

ስምሽ ጠፋኝ ያልኩት ውሸት ነው። ፈርቼ ነው።

እዚህ የቤቱ ክዳን ሸክላ ነው፤ ዝናብ ሲጥል አይጮህም። ሲጥል ግን መስኮት እከፍታለሁ፤ ያ ቅዳሜ ትዝ ስለሚለኝ። ልብስ ስተኩስ ከአንገትጌው እጀምራለሁ፤ አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። ጸጉሬ ከፊት ሸሽቷል። ትልቅ ሰው አልሆንኩም። ሽሮ ስሠራ ይጓጉልብኛል፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።

ሥራዬን ለቅቄአለሁ። በጥቅምት እመጣለሁ። እሺ ብትዪኝም ባትዪኝም እመጣለሁ፤ አባባ ኒካውን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። አንቺንም ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፤ ያን ደብዳቤ መገልበጥ አልነበረብኝም።

ታገቢኛለሽ?

ዘገየ

*

ጋምቤላ፣ ነሐሴ 15 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዘገየ፤

በጥቅምት ፊት ለፊት ስለምንተያይ ሰላምታዬን አስቀምጬልዎታለሁ። ወንበሮቹ መጥተዋል፤ እርስዎ ሲመጡ ቁጭ ብለን ነው የምናወራው። አባባ ኒካው «ልጄ መምጣቱን አልነገርኩሽም?» ብለው ድሙዩን እንደ አዲስ በክር እያስገቡት ነው። እናቴም በእልልታ ሰፈር አውካለች።

ወረቀቱን ትናንት ለሺታዬ ሰጠኋት። የአንዱን ተማሪ ሱሪ እያሳጠረች ነበር። የስፌት መኪናውን አቁማ ቆማ አነበበችው። ገለበጠችና ጀርባውን አየችው፤ ምንም አልተጻፈበትም። እንደገና ከላይ ጀምራ አነበበችው።

ቀና ብላ አየችኝና «ይኼን ከየትኛው ቲያትር ገለበጠው?» አለችኝ።

«እትዬ ሺታዬ፣ ሽሮ የሚጓጉልበት የፈረንጅ ቲያትር የት አለ?» አልኳት።

እየሳቀች ዓይኗን በሱሪው ጠረገች። ወረቀቱን አጥፋ በብስኩቱ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ድሙዩ በነበረበት ነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠችው።

«እንግዲያው ይምጣ በይው» አለችኝ።

ቤርሳቤ